ማደናገሪያው ቅጠል

ውድ እታለም ወይኒቱ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ ስል ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከዘጋሽብኝ ወዲህ ልቤ አላረፈም። ደጋግሜ ደወልኩ። አንዳንዴ ኔትወርክ የለም፣ አንዳንዴ ይጠራና አይነሳም። ትናንት ባልሽ የሽዋስ ለማዳበሪያ ጉዳይ ቡሬ ብቅ ሲል መንገድ ላይ ያዝኩትና «እህቴ ምን ሆና ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ እንደ ልማዱ መሬት መሬት እያየ «ኧረ እኔ ምኑን አውቀዋለሁ፤ ጓዳውን ዘግታዋለች። ሰው ቁስሉን ይዞ ሲመጣም መድኃኒት የለም ሂድ ትለዋለች» አለኝ። ይህን ደብዳቤ በእሱው እጅ የላክሁልሽ ለዚህ ነው። በአካል መምጣት ነበረብኝ፤ ግን ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ እስካገኝ ክረምቱ መንገዱን ይዘጋዋል ብዬ ፈራሁ።

ስልኩን የዘጋሽው አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ነው። «አባባ እኔንም አደናገሩኝ ማለት ነው?» አልሽ፤ መልሴን ሳትሰሚ ተቋረጠ። መልሱን የደረስኩበት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን አለኝ። ታውቂኛለሽ፣ እኔ አንድ ነገር ለመናገር ዙሪያውን ካልዞርኩ አይሆንልኝም፤ ስለዚህ አንቺ የምታውቂውንም ጭምር ከመነሻው ልጻፍልሽ። ለእኔም የገባኝ እንዲያ ተራ በተራ ሳስቀምጠው ነው። ሥራ ካለብሽ ሥሪና ተመለሺ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

የአባባ ነገር እንዲህ ነበር። ከማንኩሳ በላይ ያለችው መንደራችን በምን ትታወቃለች፣ በአባታችን በአያ እንዳለው የቁስል መድኃኒት ካልሆነ? ከጅጋ ገበያ ሲመለስ ጎራ የሚለው፣ ከሰከላ ድረስ ሰው በቃሬዛ አሸክሞ የሚመጣው ስንቱ ነው! ረቡዕና ዓርብ ማለዳ አባባ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ይወጣሉ። እማማ እንኳ እንደምን አደሩ አትላቸውም። መድኃኒት ሊቆፍር የሚሄድ ሰው በመንገዱ ቃል ከተነፈሰ ወይም የሰው ጥላ ካረፈበት መድኃኒቱ ኃይሉን ያጣል ይባላልና። ከዚያ ይመለሱና ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ደጅ ብሳናው ጥላ ሥር ሙቀጫውን አስቀምጠው ይወቅጣሉ። ሥሩንም ቅጠሉንም አንድ ላይ። እኔ አፍንጫዬን ሙቀጫው አፍ ላይ ደቅኜ «አባባ፣ የትኛው ነው ዋናው?» እላለሁ። «ሁሉም ነው» ይሉኛል እየሳቁ። «ዋናውማ አንድ ነው» ብዬ ድርቅ ስል «ሂጅ ጥጃውን መልሽ» ይሉኛል።

ምስጢሩን ለአንቺ ሰጡሽ። አልከፋኝም ብል ማን ያምነኛል? «የያምሮት አፍ ምስጢር አይቋጥርም» ማለታቸውን እማማ ነግራኛለች። እውነታቸውን ነው፤ ግን ሰው እውነት ሲባልበትም ይከፋዋል። አሁን ላቦራቶሪ ተቀምጬ የቅጠልና የሥር ምስጢር በብልቃጥ የምፈልገው፣ ያኔ ማንም ስላልነገረኝ ሳይሆን አይቀርም።

አባባ ካረፉ በኋላ ሥራውን አንቺ ያዝሽው። ደህና ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ግን ለላቦራቶሪው ዕቃ ፍኖተ ሰላም ሄጄ፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ጎረቤትሽን አስናቀውን አገኘሁት። ቅልጥሙ በፋሻ ተጠቅልሎ አጥር ተደግፎ ተቀምጧል። «ምን ሁነህ ነው አያ አስናቀው?» አልኩት።

«አጥር ስሠራ እንጨት ወጋኝ። ከወይኒቱ ዘንድ ስመላለስ ከረምሁ፤ አመረቀዘብኝና እዚህ መጣሁ። መርፌው ተሽሎኛል» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሷን አልወቅሳትም። መድኃኒቱ ካያ እንዳለው ጋራ ተቀበረ እንጅ እሷ ምን ታርግ» አለኝ።

ክፋት አልነበረበትም፤ አዝኖልሽ ነው የተናገረው። ይህን ወሬ አንቺም ሰምተሽው ኖሯል፤ ከአስናቀው በፊትም ሌሎች ሳይሽራቸው ተመልሰዋል። ሐዘንሽን ለማንም ሳትነግሪ ከረምሽና፣ አንድ ጠዋት ቡሬ የምሠራበት ቦታ ድረስ መጥተሽ የነጠላሽን ጫፍ ፈታሽ። ሥሩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖርሽው። ገና አፈሩ አልረገፈለትም ነበር።

«እስቲ በማሽንሽ እይልኝ» አልሽኝ። «ሙቷል ወይስ ሕይወት አለው?»

እታለም፣ በዚህ ላቦራቶሪ ብዙ ጥያቄ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። አባባ ለማንም እንዳታሳዪ ያሉሽን ነገር ለእኔ ማሳየት ምን ያህል እንደከበደሽ ፊትሽ ላይ ይነበብ ነበር። እኔ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ። በልጅነቴ ሙቀጫው አፍ ላይ የፈለግሁት ነገር በእግሩ መጣልኝ።

ያን ቀን አንቺም እንደ እኔ ጠያቂ መሆንሽን አየሁ። ከቁስል መግል ወስደን የምናሳድጋቸውን ተሕዋሲያን አሳየሁሽ፤ እንደ አጥሚት የረጋው ነገር ላይ ነጭ ነጭ ሆነው ተዘርተው። «ቀልበሽ ነው የምታኖሪያቸው?» አልሽ አፍሽን ይዘሽ። አዎ፣ ሾርባ እንሰጣቸዋለን፣ እንደ ሰው ገላ በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ እናሳድራቸዋለን ስልሽ፣ «ጠላትን እንዲህ ተንከባክቦ!» ብለሽ ሳቅሽ። መምህር ባምላኩ፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ ናቸው፣ ሳቅሽን ሰምተው ብቅ ሲሉ ነጠላሽን ሥሩ ላይ ጣል አደረግሽበት። ዐይቼሻለሁ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሥሩን በጥላ አደረቅሁት፣ ፈጨሁት፣ በአልኮል ዘፈዘፍኩት፣ አጠለልኩት። ከዚያ የብስኩት ፍርፋሪ የምታክል ክብ ወረቀት ውስጡ ነክሬ ተሕዋሲያኑ መሐል አኖርኳት። ነገሩ ቀላል ነው። መድኃኒቱ የሚገድል ከሆነ በማግስቱ ጠዋት በወረቀቷ ዙሪያ አንድም ነገር ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል፤ የማይገድል ከሆነ እስከ ወረቀቷ ጫፍ ድረስ ወርሰውት ታገኛለሽ። ጠዋት ከፈትኩት። ወርሰውታል። ደገምኩት፣ ሌላ ዓይነት ተሕዋስም ሞከርኩ። ያው ነው።

ይህን ልነግርሽ አልደፈርኩም። ሥሩ ግን እንዲሁ ባዶ አልነበረም። ሌላ ምርመራ አለን፤ ሐምራዊ ፈሳሽ ነው፣ ልክ እንደ ጎመን ዘር አበባ ቢጫ የሚሆነው አንዳንድ ተክል ሲጨመርበት ነው። ድንች ልጠሽ ብታስቀምጪ ይጠቁር የለ? አየሩ ነው የሚያጠቁረው። በሰው ገላም፣ በተለይ በቆሰለ ቦታ፣ እንዲያ ሥጋን የሚጎዳ ነገር ይበዛል፤ ያንን የሚያበርዱ ተክሎች አሉ፣ አንቲኦክሲዳንት ይሏቸዋል። የአንቺን ሥር ጠብ ባደርግበት ሐምራዊው ዓይኔ እያየ ቢጫ ሆነ። ግራ ገባኝ። የሚያበርድ ነው እንጂ የሚገድል አይደለም። ታዲያ ያ ሁሉ መግል የያዘ ቁስል አባባ ዘንድ መጥቶ በምን ደረቀ?

ቤቴ ሆኜ እያሰብኩ ሳለ ሽታ ትዝ አለኝ። አባባ ሲወቅጡ አፍንጫን ሰንፈጥ የሚያደርግ፣ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ነበር፤ በመንደሩ ያለ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አንቺ ባመጣሽው ሥር ውስጥ ያ ሽታ የለም። ወዲያው ደወልኩልሽ። ምን ነበር ሌላ የሚጨምሩት ስልሽ ከት ብለሽ ሳቅሽ።

«ኧረ እሱማ ማደናገሪያው ነው! ሰው ተሰብስቦ እያያቸው መድኃኒቱን እንዳያውቅባቸው ነው ያን ቅጠል የሚቀላቅሉት። ሥራ የለውም ብለውኛል። እኔ ደግሞ ጓዳ ዘግቸ ነው የምወቅጠው፤ ማንን ላደናግር?»

ቅጠሉን ላኪልኝ አልኩሽ። «አንች ደግሞ ማደናገሪያ ምን ያደርግልሻል» እያልሽ በየሽዋስ እጅ ላክሽልኝ። እንደ ሥሩ ሁሉ አድርጌ አኖርኩት። በማግስቱ ክዳኑን ስከፍት በወረቀቷ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ አለ፤ ሰፊ ክብ፤ ብርሃን ላይ ስይዘው ማዶው ይታያል። ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁ። መምህር ባምላኩ መጥተው አዩና «ምንድን ነው ይኼ?» አሉ። «ለ» ነው አልኳቸው። ሥሩን «ሀ»፣ ቅጠሉን «ለ» ብዬ ነው የምጽፋቸው። ስማቸውን እዚህ ደብዳቤ ላይም አልጽፍም፤ መንገድ ላይ ማን እንደሚከፍተው አይታወቅም። እሳቸው ስም ከሌለው ጥናት አይሆንም ይላሉ፤ ባለቤቷ ስትፈቅድ ይሆናል ብያቸዋለሁ። ባለቤቷ አንቺ ነሽ።

ሁለቱን ቀላቅዬም ሞከርኩ። አንዳንዱ ላይ ክቡ ከቅጠሉ ብቻ የበለጠ ሰፋ፣ አንዳንዱ ላይ እኩል ሆነ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ቅጠሉ ተሕዋሱን እየገደለ ሥሩ ቁስሉን እያበረደ ይሆን? ወይስ ሥሩ ቅጠሉ ወደ ውስጥ እንዲገባ መንገድ ይከፍትለታል? ብልቃጥ ውስጥ የሆነው ሁሉ በሰው ገላ እንደማይሆንም አውቃለሁ። ገና ብዙ ይቀረኛል። ግን አስናቀው ላይ ለምን እንዳልሠራልሽ ግምት አለኝ፤ መድኃኒቱ ከአባባ ጋር አልተቀበረም። ግማሹን ጓዳ በር ላይ ትተሽው ነው የገባሽው።

ይህን ሁሉ ስልክ ላይ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩሽ። እንደ ማለዳ ፀሐይ ፊትሽ የሚበራ መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን ያን ጥያቄ ጠየቅሽኝና ዘጋሽው። እኔ የክቡን ስፋት ሳስብ አንቺ አባትሽን እያሰብሽ ነበር። አሁን ሳስበው ልክ ነሽ። ዋናውን ደብቀው የማይረባውን ሰጡኝ፣ አላመኑኝም ማለት ነው ብለሽ ካሰብሽ፣ ያ ሁሉ ማለዳ በዝምታ የሄድሽው ለምን ነበር? ጓዳውን መዝጋትሽ ገባኝ።

እኔም ነገሩን ወደ ኋላ ተከተልኩት። ያን ቅጠል መጀመሪያ ማደናገሪያ ያለው ማን ነው? አባባ ከአያታችን ከገነነ ነው የተማሩት። አያታችን ደግሞ ብር ወንዝ ሞልቶ የወሰዳቸው አባባ ገና ጎረምሳ ሳሉ ነው። ምናልባት አያታችን ልጃቸውን እስኪያምኑት ድረስ ግማሹን ብቻ ነግረው፣ የቀረውን ሳይናገሩ ወንዙ ቀድሟቸው ይሆናል። ምናልባት እሳቸውም አላወቁም፤ ከእሳቸው በፊት የነበረ አንድ ጥርጣሬ የበዛበት ሰው ዋናውን ማደናገሪያ፣ ማደናገሪያውን ዋና ብሎ ለልጁ አውርሶ ይሆናል። ነገሩን ሲደብቁት ሲደብቁት ከባለቤቱም ይሰወራል ማለት ነው። ማን እንደጀመረው አናውቅም፤ መቼም አናውቀውም። አባባ ግን ከሚያውቁት ወገን ይሁኑ ከማያውቁት፣ እሱን ማወቅ ይቻላል። እሺ፣ አሁን ወደ መልሱ መጣሁ።

አባባ ባሕር ዛፍ ሲፈልጡ ምሳር እግራቸውን የመታቸውን ዓመት አስቢ። ዳገቱን መውጣት ስላቃታቸው ነው ምስጢሩን ለአንቺ የነገሩሽ፤ ሥሩን ቆፍረሽ ያመጣሽላቸው አንቺ ነሽ። ያ ቁስል ከጥቅምት እስከ ፋሲካ አልደርቅ አለ። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ቁስሉ ደረቀ፣ ግን እስኪያልፉ ድረስ ያነክሱ ነበር። የአገሩን ቁስል ሁሉ ያደረቀ ሰው በራሱ እግር ተሸነፈ ተባለ። ተዝካራቸው ዕለት ደግሞ ጌሾው ጥግ ወስደሽኝ እያለቀስሽ የነገርሽኝን አልረሳሁም። የመጀመሪያ ቀን ሥሩን ልትቆፍሪ ስትሄጂ፣ ለኪዳን የሚወርዱት እማሆይ እህተ ማርያም መንገድ ላይ «እንደምን አደርሽ ልጄ» ሲሉሽ፣ እንደ እሳቸው ላለ ሰው ዝም ማለት ከብዶሽ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልሽ። «በኔ ቃል ነው የረከሰ፤ እግራቸውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልሽኝ። እስከ ዛሬ ተሸክመሽዋል።

እንግዲህ ስሚኝ። ያን ጠዋት ሥሩን ይዘሽ ስትመለሺ እኔ ውኃ ቀድቼ ደጅ ደርሼ ነበር። ጓዳ ውስጥ ስትወቅጪ ድምፁ ይሰማኛል። «ቅጠሉንስ?» ስትያቸው ሰማሁ። አባባም «እሱን ተይው። እዚህ ያለነው እኛው ነን» አሉሽ።

ስለ ምን ቅጠል እንደምታወሩ ያኔ አልገባኝም። የገባኝ «እኛው ነን» የሚለው ብቻ ነው፤ እኔ ከበሩ ውጭ ነበርኩና። ጀሪካኑን እዚያው አስቀምጬ ሄጄ አለቀስኩ። ያን ቃል ለዓመታት በቅናት ሳስታውሰው ኖሬ፣ አንቺ ስልኩን የዘጋሽ ዕለት ነው ምን ማለት እንደሆነ የተረዳሁት። አባባ ያመረቀዘ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ሙቀጫው ፊታቸው ነው፤ ቅጠሉም እጅሽ ላይ አለ። የሚያደናግሩት ሰው ስላልነበረ ከገዛ እግራቸው መድኃኒት አስቀሩት።

የእማሆይ ሰላምታ ምንም አላበላሸም፤ ይህን ከዛሬ ጀምሮ አውርጂው። ጓዳውንም ክፈቺ። ሰው ሲመጣ እንደ አባባ ደጅ ላይ፣ ሥሩንም ቅጠሉንም አንድ ላይ ውቀጪ፤ ጥልቅ የሆነውንና ትኩሳት ያለበትን ግን ሳትይዢ ወደ ጤና ጣቢያ ላኪ። እኔ ፈቃድ እንዳገኘሁ እመጣለሁ፤ ሁለቱን ስቀላቅል ክቡ ለምን እንደሚሰፋ አብረን እንጠይቃለን፤ እኔ በብልቃጤ፣ አንቺ በሙቀጫሽ። አንቺ ሳትፈቅጂ ስማቸው ከእኔ አፍ አይወጣም፤ አባባ ያላመኑትን አፌን አንቺ እመኚው።

አባባ አደናገሩኝ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አይ እታለም፣ አላደናገሩሽም። አደናግረውሽ ቢሆን ኖሮ እግራቸው ይድን ነበር።

ታናሽሽ
ያምሮት እንዳለው
ከቡሬ